ለባቲና ለሐረጎ መንገድ የሚሆን ትንሽ የብስክሌት ፓምፕ

ጥያቄ፦

ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። ነዋሪነቴም ሥራዬም ኮምቦልቻ ነው። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር በየሳምንቱ እሑድ በብስክሌት እንወጣለን፤ አንዳንድ ጊዜ የሐረጎን ዳገት ወጥተን ደሴ እንደርሳለን፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ በባቲ መንገድ እንወርዳለን። የእኔ ብስክሌት ሰፊ ጎማ ያለው የተራራ ብስክሌት ሲሆን ጎማው ላይ 26 በ2.10 ተብሎ ተጽፏል። ከአንድ ወር በፊት በባቲ መንገድ ላይ የግራር እሾህ የኋላ ጎማዬን ወጋው። ኪስ ውስጥ የምትገባ ትንሽ ፓምፕ ይዤ ነበርና ቀዳዳውን ለጥፌ መንፋት ጀመርኩ፤ ጎማው ገና ሳይጠጥር ግን ቫልቩ ከሥሩ ተገነጠለ። ብስክሌቴን አይሱዙ ላይ ጭኜ ተመለስኩ። አሁን ሌላ ፓምፕ ልገዛ ስል ሦስት ዓይነት አገኘሁ፦ አንደኛዋ እንደ ቀድሞዋ ቱቦ የሌላትና በጣም አጭር ናት፤ ሁለተኛው ርዝመቱ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ሆኖ ቱቦና የሚታጠፍ የእግር መርገጫ አለው፤ ሦስተኛው ደግሞ በባትሪ የሚሠራ ነው። ጓደኞቼ «ትንሿ ትበቃሃለች፣ ሸክም አታብዛ» ይሉኛል። የእርስዎ ምክር ምንድን ነው?

ብስክሌተኛው፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦

ውድ ወንድሜ፣ እንኳን በሰላም ቤትዎ ገቡ። በእኛ በወሎ የተቸገረ ሰው «አብሽር» ይባላልና እኔም እንደዚያው እልዎታለሁ፤ የደረሰብዎ ነገር ከእጅዎ ጉድለት ሳይሆን ከፓምፗ አሠራር የመጣ ነው። መልሴን ሳላቆይ ልንገርዎ፦ ሁለተኛውን፣ ማለትም ቱቦና የእግር መርገጫ ያለውን ይግዙ። ምክንያቱን ግን ዘርዘር አድርጌ ማስረዳት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱ ከገባዎ ነገ ሌላ ሱቅ ገብተው እኔ ያላየሁት ፓምፕ ቢቀርብልዎም ራስዎ መዝነው ለመወሰን ይችላሉ።

ከተገነጠለው ቫልቭ ልጀምር። ቱቦ የሌላት ፓምፕ አፏ በቀጥታ ቫልቩ ላይ ስለሚገጠም፣ በምትነፉበት ጊዜ ፓምፗና ቫልቩ እንደ አንድ ዘንግ ይሆናሉ። ክንድ ደግሞ የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ መቶ ጊዜ ሲገፋና ሲስብ ቀጥ ባለ መስመር አይሄድም፤ በተለይ ጎማው መጠጠር ጀምሮ እጅ ሲደክም ጥቂት ወደ ጎን፣ ጥቂት ወደ ላይ ይወዛወዛል። ያ ውዝዋዜ ሁሉ የሚያርፈው የቫልቩ ግንድ ከውስጥ ጎማው፣ ማለትም ጎሚስታዎች ካላማዳሪ ከሚሉት ላስቲክ ጋር በተጣበቀበት ሥር ላይ ነው። ቀጭን ሽቦ ወዲያና ወዲህ ደጋግመው ሲያጥፉት በመጨረሻ እንደሚበጠስ ሁሉ፣ ያ ሥርም አንድ ቀን ይለቃል። የተበሳ ላስቲክ ይለጠፋል፤ ከሥሩ የተገነጠለ ቫልቭ ግን መንገድ ዳር የሚጠገን ነገር አይደለም። ለዚህ ነው ከፓምፕ ሁሉ አስቀድሜ ቱቦውን የምጠይቀው። አሥር ሴንቲ ሜትር የምታህል ተጣጣፊ ቱቦ ብትኖር እንኳ የክንድዎ ውዝዋዜ ቱቦዋ ላይ ያልቃል እንጂ ቫልቩ ዘንድ አይደርስም።

ቀጥሎ የሚመጣው የሲሊንደሩ ስፋት ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ሱቅ ውስጥ ፓምፖቹ ሁሉ በርዝመትና በክብደት ይነጻጸራሉ፣ ማሸጊያው ላይም ከፍተኛው ግፊት በትልቁ ተጽፎ ይታያል፤ እርስዎን የሚያደክምዎ ወይም የሚያሳርፍዎ ግን የሲሊንደሩ፣ ማለትም እጀታው የሚገፋው ፒስተን የሚመላለስበት የፓምፑ አካል ውፍረት ነው። ቀጭን ሲሊንደር በአንድ ምት ጥቂት አየር ብቻ ይሰጣል፣ ሲገፉት ግን ቀላል ነው፤ ወፍራሙ በአንድ ምት ብዙ አየር ይሰጣል፣ ግፊቱ ሲጨምር ግን እየከበደ ይሄዳል። ስለዚህ የሚመረጠው እንደ ጎማው ዓይነት ነው።

በእርስዎ ጎማ ላይ እናስላው። 26 በ2.10 የሆነ ጎማ ውስጡ ወደ 4.2 ሊትር ይይዛል። 40 ፒኤስአይ (የጎማ ግፊት መለኪያ አሃድ ነው) ይሙላ እንበል፤ በጎንዮሹ ላይ የታተመውን ዝቅተኛና ከፍተኛ ልክ አይተው ያስተካክሉት። ሁለት ፓምፖች እንውሰድ፤ ሁለቱም በአንድ ምት 15 ሴንቲ ሜትር ይጓዛሉ፣ የአንደኛው ሲሊንደር የውስጥ ስፋት 20 ሚሊ ሜትር፣ የሌላው 30 ሚሊ ሜትር ነው። ቀጭኑ በአንድ ምት 47 ሚሊ ሊትር ያህል አየር ሲያስገባ ወፍራሙ 106 ያህል ያስገባል። 40 ፒኤስአይ ላይ ሲደርሱ ቀጭኑን ለመግፋት 9 ኪሎ የሚያህል ክብደት መጫን ያስፈልጋል፣ ወፍራሙን ለመግፋት ደግሞ 20 ኪሎ የሚያህል። ቱቦ ያለውን ፓምፕ መሬት ላይ አቁመው፣ መርገጫውን በእግርዎ ይዘው፣ በሁለት እጅ ወደ ታች ሲጫኑት 20 ኪሎ ምንም አይደለም፤ የሰውነትዎ ክብደት ይሠራልዎታል። ያንኑ 20 ኪሎ ፓምፑን በአየር ላይ ይዘው በደረት ጡንቻ ብቻ ልግፋ ቢሉ ግን ከሠላሳኛው ምት በኋላ ይቆማሉ።

የምቱ ቁጥር ደግሞ ከአገራችን ከፍታ ጋር የተያያዘ ነው። ፓምፕ የሚያስገባው በዙሪያው ያለውን አየር ነው፤ ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል። 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደሴ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው፤ 1,850 ሜትር አካባቢ ባለችው ኮምቦልቻ ደግሞ ከአምስት አራት እጁ ያህል ነው። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ ያለ ሰው በዚያ በቀጭኑ ፓምፕ 245 ጊዜ ገፍቶ የሚሞላውን ጎማ፣ እርስዎ ኮምቦልቻ ላይ ከ300 ጊዜ በላይ፣ ደሴ ላይ ደግሞ 330 ጊዜ ያህል መግፋት ይኖርብዎታል። በወፍራሙ ኮምቦልቻ ላይ 136፣ ደሴ ላይ 147 ገደማ ይበቃል። ይህ በስሌት ነው፤ በእውነቱ በየምቱ በፓምፑ አፍ ውስጥ ታምቆ የሚቀር አየር ስላለ ቁጥሩ ከዚህም ጥቂት ይበልጣል። ማሸጊያው ላይ «በ150 ምት ይሞላል» የሚል ጽሑፍ ቢያዩ፣ ያ ቁጥር ለሐረጎ አናት ተብሎ የተጻፈ እንዳልሆነ ያስታውሱ። ጓደኞችዎ «ትንሿ ትበቃለች» ሲሉም ሦስት መቶውን ምት ቆጥረው አይመስለኝም።

ነገሩ የሚገለበጠው ቀጭን ጎማ ያለው የመንገድ ብስክሌት ሲሆን ነው። ከሁለቱ ጓደኞችዎ አንዱ እንደዚያ ያለ ብስክሌት ካለው፣ የእሱ ጎማ 90 ፒኤስአይ ሊፈልግ ይችላል። 90 ላይ ሲደርስ ባለ 20 ሚሊ ሜትሩ ፓምፕ 20 ኪሎ ሲጠይቅ፣ ባለ 30 ሚሊ ሜትሩ 45 ኪሎ ይጠይቃል፤ ጎማው ግን ጠባብ ስለሆነ የሚያስፈልገው አየር ጥቂት ነውና ቀጭኑ ይሻለዋል። የእናንተ ቡድን ድብልቅ ከሆነ 25 ሚሊ ሜትር አካባቢ ያለው ሁሉንም ያስማማል፤ በእርስዎ ጎማ ኮምቦልቻ ላይ ወደ 195 ምት ይፈጅና 14 ኪሎ ያህል ይከብዳል፣ ይህም የሚቻል ነው። ሻጩ የሲሊንደሩን ስፋት ላያውቀው ይችላል፤ እርስዎ እጀታውን ሙሉ በሙሉ አውጥተው የዘንጉን ርዝመትና የአካሉን ውፍረት በዓይንዎ ይመዝኑ፣ ማስመሪያ ቢይዙም አያሳፍርም።

ስለ ቫልቭ የምነግርዎ ከራሴ ልምድ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ነጋዴ «ለሁሉም ጎማ ይሆናል» ብሎ የሸጠልኝን ፓምፕ ሳልሞክር ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ሐረጎ ላይ የባልንጀራዬ ጎማ ሲነፍስ አውጥቼ ብገጥመው የፓምፑ አፍ ለቀጭኑ ቫልቭ ብቻ የተሠራ ሆኖ ተገኘ፤ የባልንጀራዬ ደግሞ ወፍራሙ ነበር። አዲስ ፓምፕ በእጃችን ይዘን ቁልቁል በእግራችን ወረድን። የዚያን ቀን ጥፋት የነጋዴው ብቻ አልነበረም፤ ቤቴ ውስጥ ሁለት ደቂቃ ወስጄ ብሞክረው ኖሮ ነገሩ ይታወቅ ነበር።

በመንገድ ላይ የሚገጥሙዎ ቫልቮች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ሽራደር ነው፤ የመኪናና የሞተር ሳይክል ጎማ ላይ ያለው ያው ወፍራሙ ሲሆን፣ በመካከሉ ቢጫኑት አየር የሚያስተነፍስ ትንሽ ዘንግ አለው። ሁለተኛው ፕረስታ ነው፤ ቀጭን ሆኖ ጫፉ ላይ ከመንፋትዎ በፊት የሚፈታ ትንሽ ብሎን አለው፣ ብዙውን ጊዜ በመንገድ ብስክሌት ላይ ይገኛል። ሦስተኛው በአሮጌዎቹ የከተማ ብስክሌቶች ላይ የሚታየው ደንሎፕ ነው፤ ግርጌው ወፈር ብሎ ጫፉ ይቀጥናል፣ ለፕረስታ የተሠራ የፓምፕ አፍም ብዙውን ጊዜ ይይዘዋል። የእርስዎ ሽራደር ይመስለኛል፤ የጓደኞችዎን ግን ሄደው በዓይንዎ ይዩ። ከዚያ በኋላ ሁለት ቀዳዳ ያለው ወይም ውስጡ ተገልብጦ ለሁለቱም የሚሆን አፍ ያለውን ይምረጡ። የሚገለበጠውን ዓይነት ከገዙ ቤት ውስጥ አንድ ጊዜ ገልብጠው ይለማመዱት፤ ትንሿ ላስቲክ ከእጅ አምልጣ አፈር ውስጥ ከወደቀች ፍለጋው ከባድ ነው። ቱቦው እንደ ብሎን እየተጠመዘዘ የሚገጠም ከሆነ ደግሞ አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ፕረስታ ቫልቭ ላይ ሲያወልቁት አንዳንዴ የቫልቩን እምብርት፣ ማለትም አየሩን የሚያግደውን የውስጥ ክፍል፣ አብሮ ይፈታውና የደከሙበት አየር በአንድ ጊዜ ይወጣል። ስለዚህ ከመንፋትዎ በፊት እምብርቱ መጥበቁን ያረጋግጡ።

በባትሪ ስለሚሠራው ብዙ አልልም። ድካም ያስቀራል፣ ጎማውንም በደቂቃዎች ውስጥ ይሞላል፤ ነገር ግን በአንድ ሙሌት የሚነፋው ጎማ ውስን ነው፣ ሳይሞላ ተረስቶ ከቀረም መንገድ ላይ ከድንጋይ አይሻልም። ለቤት ይሁንልዎ፣ ለባቲ መንገድ ግን ብቻውን አይመኑት። በውጭ አገር ብስክሌተኞች የሚይዙት ካርቦን ዳይኦክሳይድ የታመቀበት ትንሽ ቀለህም አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ስለሆነ፣ ሁለት እሾህ በአንድ ቀን ሊገጥም በሚችልበት መንገድ አልመክረውም፤ ያ ጋዝ ደግሞ ከአየር ይልቅ በላስቲኩ ውስጥ ቶሎ ሾልኮ ይወጣል።

ሱቅ ሲገቡ እንዲህ ያድርጉ። እጀታውን እስከ መጨረሻው ያውጡ፤ የፓምፑን አፍ በአውራ ጣትዎ አጥብቀው ይድፈኑ፤ ከዚያ በሌላው እጅዎ ቀስ ብለው ይግፉ። ደህና ፓምፕ ከሆነ ጣትዎን የሚገፋ ኃይል ይሰማዎታል፣ እጀታውም እየጠነከረ ሄዶ ሲለቁት ወደ ኋላ ይመለሳል። እጀታው ያለ ምንም ተቃውሞ እስከ ታች ከወረደ፣ ወይም ከጎኑ «ፍስስ» የሚል ድምፅ ከሰሙ፣ ውስጡ ያለው ጎሚኒ፣ ማለትም አየር እንዳያልፍ የሚያሽገው ላስቲክ፣ አልያዘም ማለት ነውና ይመልሱት። ቱቦው ከአካሉ ጋር የሚገናኝበትን ቦታም ጎንበስ አድርገው ይዩት፤ ርካሽ ፓምፕ መጀመሪያ የሚያፈሰው እዚያ ነው። አፉ ላይ ያለው መቆለፊያ ከፕላስቲክ ይልቅ ከብረት ቢሆን እመርጣለሁ። ትንንሽ ፓምፖች ላይ የሚለጠፈው የግፊት መለኪያ ግን እንዳያታልልዎ፤ አብዛኛውን ጊዜ ልኩን አይናገርም። ቤትዎ ሳሉ ጎማው በልኩ ሲሞላ በአውራ ጣትዎ ጫን እያደረጉ ጥጥረቱን ይለማመዱ፤ መንገድ ላይ ያ ልምድ ይበቃል፣ የቀረውን ከተማ ሲገቡ ያስተካክላሉ። ከተማ ስል ግን የጎሚስታውን ኮምፕሬሰር በብስክሌት ጎማ ላይ ሲጠቀሙ ይጠንቀቁ፤ ለመኪና ጎማ የተዘጋጀ ስለሆነ ትንሿን ጎማ በሰከንዶች ውስጥ ከልኩ አሳልፎ ሊያፈነዳት ይችላል። አጠር አጠር እያደረጉ እንዲሰጡዎ ይጠይቁ።

ፓምፑን ገዝተው እንደ ገቡ፣ ያኑ ዕለት ጎማዎን ሙሉ በሙሉ አስተንፍሰው በእሱ ብቻ ይንፉት። ምቱን ይቁጠሩ። የት ላይ እንደሚከብድ፣ ቱቦው ሲወልቅ ምን ያህል አየር እንደሚያመልጥ፣ እጅዎ የት ላይ እንደሚደክም የሚያውቁት በዚያ ነው። ሲነፉ አጫጭር ምት አይምቱ፤ ጫፍ ላይ የታመቀው አየር ወደ ጎማው ሳይገባ ተመልሶ ስለሚለጠጥ ግማሽ ምት የሚያስገባው ከግማሽ ያነሰ ነው። እጀታውን እስከ ላይ ያውጡ፣ እስከ ታች ይጫኑ። የፓምፑ አካል ቢግል አይደንግጡ፤ አየር ሲታመቅ ይሞቃል።

አንድ ነገር ፓምፑን ባይመለከትም ሳልነግርዎ አላልፍም። የባቲ መንገድ እሾህ ጎማውን ወግቶ ሲሰበር ጫፉ የውጩ ጎማ ውስጥ ይቀራል። ከመለጠፍዎ በኋላ የውጩን ጎማ ውስጡን በጨርቅ ዙሪያውን ይጥረጉ፤ እሾህ ካለ ጨርቁን ይይዘዋል። በጣት ብቻ ከፈለጉ ጣትዎን ይወጋል ወይም ያልፍዎታል። ይህን ካላደረጉ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ያንኑ ሁሉ ምት እንደገና መምታት ነው። ሥራውንም ከአስፋልቱ ወጣ ብለው ይሥሩት፤ በዚያ መንገድ ከባድ መኪና ይበዛል።

አያያዙን በተመለከተ፣ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፓምፕ ኪስ ውስጥ አይገባም፤ አብሮት የሚመጣው ማቀፊያ ግን ከውኃ መያዣው ጋር በአንድ ብሎን ብስክሌቱ አካል ላይ ይታሰራል። ጓደኞችዎ የፈሩት ሸክም ጀርባዎ ላይ ሳይሆን ብስክሌቱ ላይ ይሆናል ማለት ነው። ደካማው ነገር ማቀፊያው ነው፤ በኮብልስቶን ላይ ሲነዱ ቀስ በቀስ ይላላና ፓምፑ ሳይታወቅ ይወድቃል። ክረምት ሲመጣ ደግሞ የፊት ጎማ የሚረጨው ጭቃ በቀጥታ እዚያ ያርፋል። የፓምፑ አፍ ክዳን ከሌለው በትንሽ ፌስታል ጠቅልለው በላስቲክ ያጥብቁት፤ በአፉ የገባ አሸዋ ወደ ቫልቩ ይሄዳል፣ በዘንጉ በኩል የገባ ደግሞ ጎሚኒውን ይበላዋል። በዓመት አንድ ሁለቴ ፈትተው በደረቅ ጨርቅ ጠርገው ጥቂት የሲሊኮን ቅባት ይቀቡት። የሞተር ዘይትና ግሪስ ላስቲኩን ሊያሳብጠው ስለሚችል አይጠቀሙበት።

በመጨረሻ፣ ያ ቫልቩ የተገነጠለው ካላማዳሪ ቤትዎ ካለ አይጣሉት። ቅያሪ አዲስ ይግዙና ሁልጊዜ ከፓምፑ ጋር ይያዙ፤ መንገድ ላይ ከመለጠፍ መቀየር ይቀላል፣ የተበሳውን ቤት ገብተው በዕረፍት ይለጥፉታል። አሮጌውን ግን በመቀስ ሁለት ጣት በሚያህል ስፋት ቀለበት ቀለበት አድርገው ይቁረጡት። ሁለቱን ቀለበቶች ፓምፑና ማቀፊያው ላይ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች አጥብቀው ያልብሷቸው፤ ከሐረጎ ቁልቁል ሲወርዱ ፓምፑ ካለበት አይነቃነቅም።